ከሽሮፕ በፊት የእናቱ ሻሽ
ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ማረጋጊያ ለምትሰፉ እህቶችና ወንድሞች

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቁራጭ ጨርቅ ላወጋችሁ ነው። አንድ ፋርማሲስት ስለ ጨርቅ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ነገሩ የጀመረው ግን እዚያው መድኃኒት መሸጫው መስኮት ላይ ነው።

አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ አንዲት እናት መጡ። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ልጅ የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጪኝ» አሉኝ። የስድስት ዓመት ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ነግሯቸዋል። ሌሊት ይነሳል፣ ይጮኻል፤ ጎረቤት ተማርሯል። ለአለርጂ የሚታዘዝ ሽሮፕ እንደሚያስተኛ ከሰው ሰምተው ነው የመጡት።

ሽሮፑን አልሰጠኋቸውም። እናንተም ምክንያቱን ብታውቁ መልካም ነው። በዚህ መንገድ ከሚጠየቁት መድኃኒቶች አንዱ ፕሮሜታዚን ነው። ይህ መድኃኒት የሕፃናትን አተነፋፈስ አዳክሞ ለሞት ሊያበቃ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ፈጽሞ እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከዚያ በላይ ዕድሜ ላላቸውም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ አይደለም። አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፋንታ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እኔም በተራዬ «ልጅዎ ሲረበሽ የሚያረጋጋው ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና «የአሮጌ ሻሼ ጫፍ! እሱን በጣቱ እያሻሸ ዝም ይላል። የታጠበ ቀን ግን እስኪደርቅ ድረስ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል» አሉ። ለካ ያ ቤት አንድ ሻሽ ብቻ ነበረው!

ሐኪሙ የልጁን እንቅልፍ እንዲያይላቸው መከርኳቸው፤ የሻሹን ነገር ደግሞ ለመስጂዳችን እህቶች ነገርኳቸው። አንዷ እህታችን ያው ዓይነት ጨርቅ ከመርካቶ ፈልጋ አመጣች፤ ጫፉን እንደ አሮጌው አጥፋ፣ የመሐረብ ያህል ትንንሽ አድርጋ አምስት ሰፋች። እናትየው ለብዙ ቀን እያጠቡ አለሰለሱትና ለልጁ ሰጡት። መጀመሪያ ወረወረው፤ በሳምንቱ ተቀበለው። ዛሬም ሌሊት የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ ሻሽ ኦቲዝምን አይፈውስም። ነገር ግን አንዱ ሲታጠብ ሌላው በእጁ አለ።

ጨርቅ እንዴት ያረጋጋል?

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን ከሌላው ሰው በተለየ ሁኔታ ይቀበላሉ። ለእኛ ተራ የሆነው የልብስ ምልክት አንገታቸውን እንደ እሾህ ሊወጋቸው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ መንካትን፣ ማሻሸትን አጥብቆ ይፈልጋል። ይህ ባሕርይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች ኦቲዝምን ከሚለዩባቸው መመዘኛዎች መካከል ተካቷል። ስለዚህ የታወቀ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስሜት የሚሰጥ ነገር በእጁ ሲኖር ልጁ ይረጋጋል። ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይም አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ሥራ መስፋት ሳይሆን እናትን መጠየቅ ነው። ምን ይወዳል? ምን ይጠላል? ወደ አፉ ያስገባል ወይ? የሚጥል በሽታ አለበት ወይ? ለመስጠት ብቻ ተብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት አሻንጉሊት መስፋት ደክሞ መና መቅረት ነው። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነገር የጀመረውም ከእናት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ።

ልንሰፋው የማይገባን

የሻሹን ነገር የሰሙ እህቶች ተበረታቱና «ውጭ አገር ከባድ ብርድ ልብስ አለ አሉ፤ ሩዝ ወይም አሸዋ ሞልተን እንስፋ» የሚል ሐሳብ አመጡ። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነበር፤ ሆኖም አስቆምኩት። በ2008 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኩቤክ የ9 ዓመት ኦቲዝም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳለ ሞቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የ4 እና የ6 ዓመት ሁለት ሕፃናት ዚፑን ከፍተው ሽፋኑ ውስጥ ገብተው ታፍነው ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ 204,000 የሚጠጉ ብርድ ልብሶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። በብሪታንያ ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት 67 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ ከባዱን ብርድ ልብስ ቢወዱትም የእንቅልፍ ሰዓታቸውን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ከባድ ነገር የሚያስፈልገው ልጅ ቢኖር እንኳ ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ ልጁም በራሱ እጅ ሊያነሳው የሚችል መሆን አለበት። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ልንሰፋው የምንችለው

የመዳበሻ ጨርቅ፦ ከልብስ ሰፊዎች የተረፉ የተለያዩ ቁርጥራጮችን፣ ማለትም ከፋይ፣ ጂንስ፣ ፎጣና ለስላሳ ጨርቅ አገጣጥማችሁ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው አድርጉት። ዙሪያው ሁለት ጊዜ ይሰፋ።

የለሃጭ መቀበያ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ለሃጩ የሚፈሰው ምራቁ ስለበዛ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ መዋጥ ስለሚቸግረው ነው። ሁልጊዜ የረጠበ አንገትና አገጭ ይቆስላል። ከፊት ጥጥ፣ ከኋላ ፎጣ የሆነ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ስፉለት። በክር አይታሰር፤ ሲጎተት በቀላሉ የሚለቅ ተለጣፊ ማያያዣ ይሁን። ሲተኛ ይወልቅ። አንድ ብቻ ሰጥቶ መሄድ እናትን ለእጥበት መዳረግ ስለሆነ ቢያንስ ስድስት ስጡ።

ለሁሉም የሚሆኑ ጥንቃቄዎች

ቁልፍ፣ ዶቃና የአሻንጉሊት ዓይን አትስፉ፤ ልጅ ነቅሎ ይውጠዋል፤ ዓይኑን በክር ጥለፉት። ጥብጣቡ ከአንድ ጣት ርዝመት አይብለጥ፤ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም። ባትሪ ያለበት ነገር አታስገቡ፤ ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ታቃጥላለች። አዲሱን ጨርቅ ሳትሰፉ በፊት በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሽቶም ሆነ ቡኹር አይነካው፤ አስም ያለበትን ልጅ ያፍናል፣ ሽታ የሚረብሸውንም ያስለቅሳል። ስታበቁ መርፌዎቻችሁን ቁጠሩ፤ አሥር ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ አሥር ይዛችሁ ተነሱ። በመጨረሻም ጨርቁን በሁለት እጃችሁ አጥብቃችሁ ጎትቱ፤ እናንተ እጅ ላይ ከተተረተረ ልጁ እጅ ላይ አይቆይም።

ውድ አንባብያን፣ ከጨርቁ የሚበልጥ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶች ልጃቸውን የሚደብቁት የሰው ዓይንና ወሬ ፈርተው ነው። መስጂድ ውስጥ ልጅ ሲጮኽ ዞር ብለን የምናየው አስተያየት እናትን ለዓመታት ከቤት ሊያስቀራት ይችላል። የሱረቱ ዐበሰ መክፈቻ የወረደው ዓይነ ስውሩን ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱምን (ረ.ዐ.) ሰበብ አድርጎ መሆኑን ሁላችን ተምረናል። እኒሁ ሶሓባ ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ነበሩ። ቦታቸው የኋላ ጥግ አልነበረም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ካለች ቀርባችሁ ሰላም በሏት። መርፌና ክር ከመያዛችሁ በፊት ልጇን የሚያረጋጋው ምን እንደሆነ ጠይቋት። መልሱን የምታውቀው እሷ ናት። አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንንም በዓፊያ ያሳድግልን። አሚን።