የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያበቃ ምን ያበቃል?

እንጅባራ፦ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት በኮሮና ቫይረስ ምክንያት አራት ከተሞች ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ ወሰነ። ከተሞቹ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳም እና ቲሊሊ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚገኙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሰው የውሳኔውን ክብደት ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም፤ ቲሊሊ፣ እንጅባራና አዲስ ቅዳም በዚያው መንገድ ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረችው ዳንግላም በአንድ በኩል አዲስ ቅዳም፣ በሌላ በኩል ባሕር ዳር ተዘግተው ከመካከል ቀረች።

ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። አርሶ አደሩ ለበዓል ያደለበውን በግና በሬ፣ በመስኖ ያለማውን ድንች፣ ከዲከረንስ ዛፍ ያከሰለውን ከሰል ወደ ገበያ የሚያወጣበት ወቅት ነው። ለከተማው ነዋሪ ደግሞ የዓመት በዓል ወጪ የሚሸፈንበት ሥራ የሚደራበት። ስለ መዘጋቱ ያልሰማ አልነበረም። ስለ መከፈቱ፣ ከዚያም በኋላ በሀገር አቀፍ ደረጃ ስለ ወጣው አዋጅ ማብቃት ግን ብዙ ሰው ዛሬም ድረስ የጠራ ነገር አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲያበቃ በትክክል የሚያበቃው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ማን ያውጃል የሚለውን እንመልከት። በሌሎች ሀገሮች አንድ ከተማ በራሱ ከንቲባ የአስቸኳይ ጊዜ ሊያውጅና ሊያነሣ ይችላል። ለምሳሌ የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ በየካቲት 2012 ዓ.ም. አውጃ በየካቲት 2015 ዓ.ም. አንሥታለች። በእኛ ሀገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሥልጣኑን የሰጠው ለሁለት አካላት ነው። የፌዴራሉ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የውጭ ወረራ፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ወረርሽኝ ሲያጋጥም ያውጃል። የክልል መስተዳድሮች ደግሞ በክልላቸው የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ወይም የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሠት ሊያውጁ ይችላሉ። ከተማ ወይም ወረዳ በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ የእንጅባራና የአዲስ ቅዳም መዘጋት ከክልሉ የወረደ ውሳኔ እንጂ የከተሞቹ አዋጅ አልነበረም።

ክልሉ አራቱን ከተሞች በዘጋ በስምንተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 አጸደቀው። አዋጅ ቁጥር 3/2012 ይባላል፤ ዕድሜው አምስት ወር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «አስቸኳይ ጊዜ» ሲባል ሕዝቡ ቀድሞ የሚያስበው በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ከጸጥታ ጋር ተያይዘው የታወጁትን ነው። የ2012ቱ ግን መነሻው በሽታ ነበር።

አዋጁና ማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ መጨባበጥን፣ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አደባባይ መውጣትን ከለከሉ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ አቅሙ እንዲጭን ሆነ። ደቦ፣ ሠርግ፣ ተዝካርና ማኅበር ሁሉ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ከክልከላው ጎን ግን ጥበቃም ነበረ፤ አከራይ ተከራዩን ማስወጣት ወይም ኪራይ መጨመር፣ አሠሪም ሠራተኛውን ማሰናበት አይችልም ነበር። ስለ አዋጁ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ክልከላውን ብቻ ነው። ጥበቃውም አብሮ እንደሚያበቃ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሳይራዘም ቀረ። ሕገ መንግሥቱ ቢፈቅድም ማራዘም ግዴታ አይደለም። አስቸኳይ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከተፈለገ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ያድሰዋል። ካልታደሰ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይቀራል። ሲጀመር ምክር ቤት ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲያበቃ ግን ማንም እጁን ማውጣት አይጠበቅበትም። ጸጥ ብሎ የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያን ጊዜ እኔ ኮሌጅ ተዘግቶ ወደ ቤተሰቦቼ የተመለስሁ የግብርና ተማሪ ነበርሁ። አዋጁ ሲወጣ በድምፅ ማጉያ ሰምቻለሁ። ማብቃቱን ያወቅሁት ግን ሳምንታት ዘግይቼ፣ በሚኒባስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ በተጠጋሁ ጊዜ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው የቁጥሩ ነገር ነው። አዋጁ ሲታወጅ በሀገሪቱ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ከ50 ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። ሲያበቃ ከ50 ሺህ አልፈው ነበር። እርግጥ በመካከሉ የምርመራ አቅም በእጅጉ አድጓል፤ ቢሆንም በሽታው ስለጠፋ አዋጁ ተነሣ የሚል ሰው ተሳስቷል። ያበቃው መንግሥት ለጊዜው የተሰጠው ልዩ ሥልጣን ነው። በኋላ ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመሪያ ቁጥር 30/2013ን አወጡ። መሸፈኛ ማድረግና ርቀት መጠበቅ በመደበኛው ሕግ ሥር ተመለሱ። ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 በየደረጃው መከፈት ጀመሩ። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት ሀገር ውስጥ የገባው ከዚያም በኋላ፣ በየካቲት 2013 መጨረሻ ነው።

ከብት የሚያረባ ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም። የአፍተግር በሽታ ሲገባ የከብት ገበያ ይዘጋል፣ ከብት ከቀበሌ ቀበሌ እንዳይዘዋወር ይከለከላል። ገበያው ሲከፈት በሽታው ከአካባቢው ለዘለቄታው ጠፍቷል ማለት አይደለም። አዲስ የተገዛን በሬ ከመንጋው ለይቶ የማቆየት ልማድም ገበያ ስለተከፈተ አይቀርም።

የበሽታውን ማብቃት ማወጅ ሌላ ሥራ ነው፤ መለኪያውም ሌላ ነው። ኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ እንደተከሠተው የማርበርግ ዓይነት ወረርሽኝ አበቃ የሚባለው አዲስ ታማሚ ሳይገኝ 42 ቀናት ሲቆጠሩ ነው። ለኮሮና እንዲህ ያለ ቆጠራ አልተደረገም፤ ቫይረሱ በሰው መካከል ቀርቷልና። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሲያስታውቁ፣ በሽታው ስጋት መሆኑን አላቆመም የሚለውን በዚያው መግለጫ ላይ አክለዋል። በሀገራችን ከተነሣው አዋጅ ጋር ሲነጻጸር የሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ልዩነት አለው።

አያቶቻችን ያለፉበት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ደግሞ ማብቂያውን ያወጀለት አልነበረም። በሽታው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንን ሳይቀር ያጠቃ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠኑ ልማድ እስከ ዛሬ መዝለቁ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ለመነሻችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ካሊፎርኒያ ነው። የግዛቲቱ አስተዳዳሪ አስቸኳይ ጊዜው የካቲት 2015 ላይ እንደሚያበቃ ያሳወቁት በጥቅምት፣ አራት ወር አስቀድመው ነበር። ሆስፒታልም ሆነ የአካባቢ አስተዳደር የሚዘጋጅበት ጊዜ አገኘ። የእኛው አዋጅም የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው የታወቀ ስለነበር ይህን ማድረግ አያዳግትም ነበር። በየቀበሌው መዘጋቱን የለፈፈው ድምፅ ማጉያ መከፈቱንም ቢለፍፍ የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ የለም።

በተለይ የቤት ኪራይ ጉዳይ ይህን ይጠይቃል። ደንቡ ማስወጣትንና ጭማሪን ከለከለ እንጂ ኪራዩን አልሰረዘም። በወረርሽኙ ወራት ገቢው ተቋርጦ ያልከፈለ ተከራይ፣ አዋጁ ባበቃ ማግስት ያለ ጥበቃም ቀረ፣ ውዝፍ ዕዳውም ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ወደፊት ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥም፣ በእንጅባራም ይሁን በዳንግላ ያለ ነዋሪ ቀበሌውን ሊጠይቅ የሚገባው አዋጁ መቼ እንደሚያበቃ ብቻ አይደለም። በዚያ ቀን የትኛው ክልከላ እንደሚነሣ፣ የትኛው በሌላ መመሪያ እንደሚቀጥል፣ የትኛው ጥበቃ እንደሚቀርና እስከዚያ የተጠራቀመው ዕዳ በምን አኳኋን እንደሚከፈል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።