ብረቱ ቧንቧ ሲነቀል

ቤቴል ውስጥ «ሻወሩ ይነዝራል» ተብዬ በተጠራሁባቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ የማገኘው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የዛገው የብረት ቧንቧ ወጥቶ የፕላስቲክ ቧንቧ (ፒፒአር) ገብቷል፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ሮቶና ፓምፕ ተጨምሯል። የውሃው ሥራ ያለ ጥርጥር ተሻሽሏል። ቦይለሩ ግን የድሮው ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ የኧርዝ ሽቦ የለም።

አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚመጣው ብረት ማንም ሳያዘው የኧርዝን ሥራ ይሠራ ነበር። ቦይለሩ ውስጥ መስመር ቢያመልጥ በቧንቧው አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። ፒፒአር ሲገባ ይህ መንገድ ይቋረጣል። የቧንቧ ሠራተኛው ኤሌክትሪክ አልነካም፤ ቧንቧ ሲቀየር ደግሞ እኛን የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን የሚጠራን የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ እንኳ የቧንቧውን ሥራ በኢቢሲኤስ 9፣ የኤሌክትሪኩን በኢቢሲኤስ 10 ለየብቻ ነው የያዘው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ ሙያዎች መካከል ባለቤት ያጣው ይህ ቦታ ነው።

«ታዲያ ኧርዙን ከቧንቧው ጋር እሰርልን» የሚሉኝ አሉ። ፕላስቲክ ላይ ሽቦ ማሰር ከንቱ ድካም ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ያስተላልፋል፣ ግን በጥቂቱ፦ በ20 ሚሊሜትር ፒፒአር ውስጥ የአንድ ሜትር የቧንቧ ውሃ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ኦም ያልፋል። በ220 ቮልት ከ2.2 ሚሊአምፔር አይበልጥም ማለት ነው። ሰው ይሰማዋል፤ ብሬከር ግን አይሰማውም። ስለዚህ በረጅም ፕላስቲክ መጨረሻ ላይ ያለች ቧንቧ ኧርዝ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገው ለቦይለሩ አካል፣ ለፓምፑና ግድግዳ ውስጥ ለቀረ ብረት ነው። ቦይለሩና ሻወሩ በብረት በተሸረበ ፍሌክሲብል ከተገናኙ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ የቦይለሩ አካል ላይ ያለው ቮልቴጅ እንዳለ እጅ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ሶኬት ውስጥ የሚያገናኙ ሠራተኞች አጋጥመውኛል። እባካችሁ፣ ይህን የሚያደርግ ካለ ይተው። ኒውትራሉ አንድ ቀን የላላ ዕለት ቦይለሩ በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ መቅበርም ብቻውን አይበቃም። ዘንጉ 20 ኦም ቢያሳይ በ220 ቮልት የሚያሳልፈው 11 አምፔር ነው፤ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ተቃውሞው ይብሳል። ስለዚህ በዘንጉ ላይ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ መጨመር አለበት። ለቧንቧና ለሴራሚክ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በዚህ ዕቃ ላይ ሲከራከር ማየት ያሳዝነኛል፤ ሻወሩ ሥር የሚቆሙት ልጆቹ ናቸውና።

በቅርብ የማውቃቸውን የቧንቧ ሠራተኞች የመጨረሻውን ብረት ከመቁረጣቸው በፊት እንዲደውሉልኝ ለምኛለሁ። ስደርስ ቆጣሪው ጋ አጠፋለሁ፣ ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ቦይለሩ አካል የኧርዙን ሽቦ እለካለሁ። ከሌለ፣ ግድግዳው ለቧንቧው ተፈልፍሎ ክፍት ሳለ በራሱ ኮንዲዩት እዘረጋለሁ። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ባለቤቱን ለማሳመን በጣም ይከብዳል።