ማሩ ከዛሪማ፣ ልብሱ ከማን?

ዛሪማ ላይ ማር የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። እስከ ዛሬ ማሩን በጀሪካን አስጭኖ፣ ሊማሊሞን ሽቅብ አውጥቶና ደባርቅን አልፎ ጎንደር ላይ ለአከፋፋይ ያስረክባል። አሁን ግን በጠርሙስ አሽጎ፣ በራሱ ስም፣ አዲስ አበባ ሱፐር ማርኬት ሊያስገባ አሰበ። ጠርሙሱ በገንዘብ ይገኛል። የጎደለው ልብሱ ነው፤ ስም፣ ምልክትና ሌብል።

ብዙው ነጋዴ እዚህ ሲደርስ የሚሄደው ቢዝነስ ካርድ ወዳሳተመበት ቤት ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ኅትመቱ እዚያው ከሆነ ለዲዛይኑ አያስከፍልም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የፋሲል ግንብ፣ ዋልያና ንብ ያለበት ወርቃማ ሥራ ይወጣል። ዋልያው ከኢንተርኔት የተወሰደ ስለሆነ አንዳንዴ ዋልያ አይደለም፤ የአልፕስ ተራራ የዱር ፍየል ነው። የሰሜን ተራራው ዋልያ ግንባሩ ላይ ጎላ ያለ የአጥንት እብጠት አለው። ደባርቅ ያደገ ሕፃን የሚለየውን ነገር ባለሙያ ነኝ ባዩ ካለየ፣ ሌላውንም መጠርጠር ነው።

የነፃው ዲዛይን ዋጋ የሚታወቀው በኋላ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚጠብቀው የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ከሌላው የሚለይ ምልክትን ነው። ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቀርቦ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከተመዘገበ ጥበቃው ለ7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። የቦታ ስምና የዕቃ ስም ብቻ አጣምሮ «ዛሪማ ማር» ማለት፣ ወይም ሰንደቅ ዓላማ መለጠፍ፣ ለውድቅነት በር ይከፍታል። መንግሥት ራሱ ቀምሶታል። ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ እንዲመዘገቡ ሲጠየቅ፣ የተለመዱ መጠሪያዎች ናቸው ተብለው መጀመሪያ ተቀባይነት አጥተው ነበር። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው ከብዙ ንትርክ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። ደህና ዲዛይነር ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ወጪ ማተሚያ ቤት ይጠብቃል። ከኢንተርኔት የተወሰደ ትንሽ ምስል ስክሪን ላይ ያምራል፤ ካርቶን ላይ ሲጎላ ይደበዝዛል። የፕላስቲክ ማሸጊያ በሲሊንደር የሚታተም ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል። ስድስት ቀለም ማለት ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ስህተት ከተገኘ የወጣው ገንዘብ አይመለስም። ባለሙያው ዲዛይኑን በሁለትና በሦስት ቀለም ቢያወጣው ኖሮ ቁጠባው ብቻ የራሱን ክፍያ በሸፈነ ነበር።

የፊደሉም ነገር አለ። ሌብሉ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ማተሚያ ቤቱ ያ ፎንት ከሌለው፣ ጽሑፉ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ ፋይሉ ከመላኩ በፊት ፊደሉ ወደ ሥዕል መስመር መቀየር አለበት። ሲያንስም ችግር ነው፤ «ሪ»ና «ሩ» ቀጫጭን እግራቸው ከተደፈነ ዛሪማ «ዛሩማ» ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ታዲያ ባለሙያው በምን ይለያል? ግራፊክ ዲዛይን እንደ ሕክምናና ጥብቅና በሙያ ፈቃድ የታጠረ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአለ ትምህርት ቤት የወጣ ሠዓሊ አለ፤ ኮርስ የወሰደ አለ፤ ፎቶሾፕ የነካካም አለ። ሦስቱም «ዲዛይነር» የሚል ካርድ አላቸው። ገዢው ጥራቱን ሳያውቅ ዋጋውን ብቻ ሲያወዳድር ጎበዙ ከገበያው ይወጣል፤ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው።

እኛ ከዲፕሎማው ይልቅ የታተመ ሥራ አሳየኝ ማለትን እንመርጣለን። የስልክ ፎቶ ሳይሆን በእጅ የሚጨበጥ ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ከረጢት። ያሠራውን ደንበኛ ስልክ ተቀብሎ መደወልም ነውር የለበትም፤ ኅትመቱ በስንት ሙከራ እንደወጣ ይጠየቅ። ምልክቱን በጥቁርና ነጭ፣ በማኅተም መጠን እንዲያሳይም ይታዘዝ፤ በዚያ መጠን ካልተለየ በሌላም አይለይም። ዲዛይነሩ ደግሞ በበኩሉ መጠየቅ አለበት፦ ማሩ ለማን ይሸጣል፣ በስንት ግራም፣ ከየትኛው ማር አጠገብ ይደረደራል? ሳይጠይቅ «ነገ ና ውሰድ» የሚል ሰው ያለውን አውጥቶ ሊሰጥ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የፈጠራው የኢኮኖሚ መብት ለነጋዴው መተላለፉ፣ ከሌላ ሰው ሥራ ያልተገለበጠ መሆኑ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ ይጻፍበት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ስለሚጠብቅ የተገለበጠው ምስል ባለቤት አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል። ክፍያውም ተከፋፍሎ ቢሰጥ ይሻላል፤ ገሚሱ ሲጀመር፣ የቀረው ግን ናሙናው ታትሞ ከታየና ሊስተካከል የሚችለው ዋናው የቬክተር ፋይል በፍላሽ ከተረከቡ በኋላ። ጄፔግ ብቻ ይዞ ወደ ዛሪማ የተመለሰ ነጋዴ ግን ከ500 ግራም ወደ 1 ኪሎ ሌብል ለመቀየር እንኳ ያንኑ ልጅ ፍለጋ እንደገና ሊማሊሞን ሊወጣ ነው፤ ልጁ ያን ጊዜ እዚያው ማተሚያ ቤት ካለ።