ስለ ቡና መፍጫ ንጽሕና፦ የሚባለውና እውነቱ

ቡናን አጥቦ፣ ቆልቶና ወቅጦ ማፍላት በአገራችን ከጥንት የጸና ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ ስኒው በየዕለቱ ሲታጠብና ጀበናው ሲለቀለቅ፣ የተቆላውን ፍሬ ወደ ዱቄትነት የሚለውጠው ዕቃ ግን፣ ሙቀጫም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚሠራው መፍጫ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ሳይጠረግ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የዚህም ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን፣ «መፍጫ ሲቆይ ቡናውን ይለምዳል፣ ካጸዱት ለዛው ይጠፋል» የሚለው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ አባባል ነው።

ይህ አባባል ከሁሉ ይልቅ ቡናን የሚጎዳ ስለሆነ አስቀድሞ ሊቃና ይገባዋል። የአረቢካ ቡና ፍሬ ከክብደቱ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ቅባት ነው፤ ፍሬው በምጣድ ላይ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ሲቆላ ቅባቱ ከውስጥ ወደ ገጹ ይወጣና፣ ሲፈጭ በምላጩና በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ረቂቁን ዱቄት ይዞ ይቀራል፤ ከዚያም ከአየር ጋር እየተዋሐደ፣ ክዳኑ ተከፍቶ እንደ ከረመ የኑግ ዘይት ጠረኑን ይለውጣል። እንግዲህ መፍጫው «ለመደ» የተባለው የቡናውን መዓዛ ሳይሆን የአሮጌ ቅባትን ብልሽት ነው። የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከምላጩ ሥር፣ ዘንጉ ከሚወጣበት ዙሪያ ስንጥር ቢያሳልፍ፣ ጠቆር ያለና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ያገኛል፤ እርሱን አሽትቶ ወዲያው አዲስ የተቆላውን ፍሬ ቢያሸት፣ ልዩነቱ ከማናቸውም ሐተታ ይልቅ ያስረዳዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ንጽሕናን ሁሉ ከውሃ መጠበቅ ነው። በምላጭ የሚፈጨው የቤት መፍጫ ጎድጓዳ ክፍሉ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ከቧንቧ ሥር ሲያደርጉት ውሃው በዘንጉ ዙሪያ ሰርጎ ሞተሩን ያበላሸዋል፤ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ፊት ለፊት ሆነው በሚፈጩበትም ዓይነት ብረቱ ሊዝግ፣ የቀረውም እርጥበት ከዱቄቱ ጋር ተቦክቶ በየጥርሱ መካከል ሊጋገር ይችላል። ተገቢው ሥራ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የሚፈታውን የላይኛውን ጥርስ አውጥቶ በደረቅ ቡሩሽ መጥረግ፣ ቅባቱ እምቢ ሲልም በጥቂት ሳሙና በራሰና እጅግ በተጨመቀ ጨርቅ ወልውሎ ወዲያው ማድረቅ ነው። ተነቃይ ክዳን ግን ያለ ሥጋት በሳሙና ይታጠባል። የእንጨት ሙቀጫም ቢሆን ሲዘፈዘፍ ያብጣል፣ በፀሐይ ፈጥኖ ሲደርቅም ይሰነጠቃልና፣ ፍቆና ወልውሎ በጥላ ማድረቅ ይሻለዋል።

ሩዝ መፍጨት መፍጫን ያጸዳል የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ሩዝ ጥቂት ቅባት መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተቆላ ቡና በእሳት ደርቆ በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን ጥሬ ሩዝ እጅግ ጠጣር ስለሆነ፣ ይልቁንም የጥርሳሙን መፍጫ ሞተር ያስጨንቃል፤ አንዳንድ ሠሪዎችም ስለዚሁ ይከለክሉታል። ዱቄቱም በየሽንቁሩ ተሸሽጎ ከሚቀጥለው ቡና ጋር ይቀላቀላል። አንድ እፍኝ አሮጌ ቡና ፈጭቶ መድፋት ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

በርበሬም ቅርንፉድም በዚያው መፍጫ ቢፈጩ «ጠረግ ሲያደርጉት ይለቅቃል» ይባላል። የበርበሬው አቃጣይ ኃይል በውሃ የማይሟሟ፣ በቅባት ግን የሚሟሟ በመሆኑ፣ ከቀረው የቡና ቅባት ጋር ተስማምቶ ይቀመጣል፤ የቅርንፉዱም ሽታ በፕላስቲኩ ክዳን ውስጥ ይሰርጻል። ለቅመም ሌላ መፍጫ መለየት ይሻላል።

ምላጩን እንደ ቢላዋ በሞረድ መሳልም አያስፈልግም፤ ፍሬውን የሚሰብረው በስለቱ ሳይሆን እጅግ ፈጥኖ በመምታቱ ነውና። የጥርሳሙ መፍጫ ነገር ግን ልዩ ነው፤ በሚገባ ጸድቶና ጥርሱ በቦታው ገጥሞ ሳለ፣ ትቢያና ቅንጣት የተቀላቀለበት ያልተስተካከለ ዱቄት ቢያወጣ፣ ጥርሱ አልቋልና በአዲስ መለወጥ አለበት።