ላሆር፦ ታሪካዊ መስጂዶቿን ለማየት ያሰበ ሰው ስለ ደኅንነት ማወቅ ያለበት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ካራቺ እየበረረ ነው። ከካራቺ በአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቀው ላሆር የሙግል ነገሥታት ታላላቅ መስጂዶች መገኛ ናት። ስሟ ሲነሳ ግን ብዙዎች አስቀድመው «ሰላም ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «የት?» እና «መቼ?» በሚሉት ላይ ይመሠረታል።

ምን ይታያል?

በአውረንግዜብ ዘመን በ1673 የተጠናቀቀው ባድሻሂ መስጂድ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው። በሲኮች አገዛዝ ጊዜ ሶላት ቀርቶበት የጦር ሠራዊት መገልገያ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ጁሙዓ ይሰገድበታል። ፊት ለፊቱ የላሆር ግንብ፣ አጠገቡ የአላማ ኢቅባል መቃብር ይገኛሉ።

በደልሂ በር ወደ አሮጌው ከተማ ሲገባ ደግሞ በ1634 ግንባታው የተጀመረው የወዚር ኻን መስጂድ አለ። ግድግዳው በባለ ቀለም ሸክላና በዐረብኛ የቁም ጽሑፍ አጊጧል። መሥራቹ በዙሪያው ሱቆች አሠርቶ ገቢያቸውን ለመስጂዱ ወቅፍ አድርጎ ነበር።

ስጋቱ ከየት ነው?

በ2009 የስሪ ላንካ ክሪኬት ቡድን አውቶቡስ ላይ ተኩስ ተከፈተ። በ2010 በዳታ ደርባር መቃብር ስፍራ በደረሰ የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2016 በክርስቲያኖች የትንሣኤ በዓል ቀን በአንድ መናፈሻ በፈነዳ ቦምብ ከ70 በላይ ሰዎች፣ ብዙ ሕፃናትን ጨምሮ፣ አለቁ። በ2019 ረመዳን መጀመሪያ ላይ በዚያው በዳታ ደርባር ደጃፍ የፖሊስ ተሽከርካሪ ተመታ።

ጥቃቶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ብዙ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ፣ የበዓል ቀንና የጸጥታ ኃይሎች ያሉበት ስፍራ ይደጋገማሉ።

ሁለተኛው ስጋት ድንበር ነው። የህንድ ድንበር ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በግንቦት 2025 ሁለቱ አገሮች ሲጋጩ በረራዎች ተቋርጠው ነበር።

ሦስተኛው ብዙ ተጓዥ የማያስበው የአየር ብክለት ነው። በተለይ በኅዳር ወር ጭሱ ከጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ ከተማዋን ይሸፍናል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ወቅት ቢያልፈው ይሻላል።

ምን ይደረግ?

• ጉዞውን ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ ባለው ጊዜ ማድረግ ከጭሱም ከበጋው ሙቀትም ያድናል።
• መስጂዶቹን በሥራ ቀን ጠዋት መጎብኘት። በመቃብር ስፍራዎች ዓመታዊ በዓል፣ በዓሹራእ ሰልፍና በፖለቲካ ሰልፎች አካባቢ አለመገኘት።
• በፍተሻ ኬላ መታወቂያ አሳይቶ በትዕግሥት ማለፍ፤ ፖሊስና ወታደር ፎቶ አለማንሳት።
• ማታ በጠባብ መንገዶች ብቻን አለመዞር፤ ትራንስፖርት በሆቴል በኩል ማዘዝ።
• ቪዛን አስቀድሞ በኢንተርኔት መጨረስ፤ በኢስላማባድ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ መያዝ። ለፖሊስ 15፣ ለአምቡላንስ 1122 ይደወላል።
• ከመነሳት በፊት በዚያው ሳምንት የወጣ ዜና ማየት። ድንበሩ ከተወጠረ ትኬቱን ማራዘም።

ላሆር ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በየቀኑ ይሠራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እንግዳ ሲመጣባቸውም በሰላምታና በሻይ ይቀበላሉ። ሰበብን አድርሶ በአላህ መመካት የሙስሊም መንገድ ነውና፣ ተጓዡም ጥንቃቄውን ጨርሶ ይነሳ።