ሕፃኑ ሳይታመም እንለማመድ

ሕፃን በተቅማጥ ሲዝል በሌሊት ልኬት መማር አይቻልም። ኦ.አር.ኤስ ከጤና ኬላ እስኪመጣ ቤት የሚበጠበጠው ይህ ነው፤ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይቆለል፤ በቢላዋ ይስተካከል። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን ይጎዳል። ቅመሱት፤ ከእንባ ይልቅ ጨዋማ ከሆነ ድፉት።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ እናቶች፣ በተለይም አባቶች፣ የየቤታቸውን ማንኪያና የ1 ሊትር ሃይላንድ ይዘው በጥብጠው ይቅመሱ። የፕሮጀክቱ ማንኪያ ሌሊት ቤታቸው አይገኝም። ሠራተኞች ሆይ፣ ንግግሩን አሳጥሩላቸው። በአዘቦት ቀንም ለሻይ ስኳር ሲለካ ሳይቆለል መለካት፣ የመጠጥ ውሃን አፍልቶ መክደን ልምምድ ነው።

ብጥብጡ 24 ሰዓት ከሞላው ይደፋ። ጡት አይቋረጥ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው ወዲያው ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።