ስሙ ያልተጻፈለት ሥራ

እዚህ ሜልበርን፣ ማሪቢርኖንግ ያደገ አንድ ልጅ ለሥራ የሚያመለክትበትን ሲቪ እንዳይለት ላከልኝ። መሀሉ ላይ ዓመታት ጎድለዋል፤ በቦታቸው ያለው ገና ያላለቀ የራሱ ጌም ብቻ ነው። የት እንደነበረ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የኮንትራት ሥራ ነው፣ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። ለካ በእነዚያ ዓመታት የሌሎችን ጌም ወደ ኮንሶል ሲያዛውር፣ ሜሞሪ አልበቃ ሲለው ሲያጣብብ፣ የኮንሶል አምራቾቹን ፈተና ሲያሳልፍ ነበር። እኔ ብሆን የምቀጥረው ለዚያ ነው።

እውነተኛ ስቱዲዮ የራሱን ጌም ይሠራል፣ ለሌላ የሚሠራ ግን ያልቀናው ነው የሚለውን ሐሳብ መስማት ሰልችቶኛል። ወላጆች ይሉታል፣ ተማሪዎች ይሉታል። ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ወጣቶችም ለእርዳታ ድርጅት የጤና ትምህርት ጌም መሥራታቸውን እንደ ጥፋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነግሩኝ። የባሰው ደግሞ ደመወዙን በዚሁ ሥራ የሚያገኘው ባለሙያ ራሱ ማመኑ ነው።

የሜልበርን ታሪክ ይህን አይደግፍም። በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቢም ሶፍትዌር በዓለም የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው «ዘ ሆቢት» ነው፤ እሱም ከቶልኪን ልቦለድ በፈቃድ የተሠራ ነበር። ፋየርሚንት በ2009 «ፍላይት ኮንትሮል»ን ከማውጣቱ በፊት ለዓመታት የሌሎችን የሞባይል ጌም እየሠራ ነው ሠራተኞቹን ያኖረው። የኒንቴንዶን «ዜልዳ፦ ስካይዋርድ ሶርድ» አድሶ በ2021 ለስዊች ያበቃው ታንታለስ እዚሁ ሜልበርን ነው ያለው። የፉትስክሬይ ልጆች ሳሎናቸው ተቀምጠው ሲጫወቱት፣ የሠሩት ሰዎች የገዛ ከተማቸው ነዋሪዎች እንደሆኑ ማን ይንገራቸው?

«ታዲያ በ2010 አካባቢ ስቱዲዮዎቻችንን የጨረሰው ኮንትራት አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። የዚያን ጊዜ ሒሳብ ግን ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ውሉ የሚፈረመው ከአሜሪካ አሳታሚዎች ጋር፣ በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው በአውስትራሊያ ዶላር። በ2001 አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ ሁለት የአውስትራሊያ ዶላር ይመነዘር ነበር። በ2010 መጨረሻ ሁለቱ እኩል ሆኑ፣ በማግስቱ ዓመት የእኛው በለጠ። የኮንትራቱ ዋጋ ሳይቀየር ገቢው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። በላዩ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣና አሳታሚዎቹ መጀመሪያ የቆረጡት ሩቅ ያለውን ሆነ። የቢም ወራሽ የሆነውን የሜልበርን ስቱዲዮ የያዘው ክሮም በ2010 ሲወድቅ ያየነው ይህንን ነው።

የብሉ ታንግ ነገር ደግሞ ለክርክሩ የበለጠ ይጠቅማል። ብሉ ታንግ ለማንም ተቀጣሪ መስሎ የማይታይ፣ «ደ ብሎብ»ን የሚያህል ቀለም ያለው ጌም የሠራ ስቱዲዮ ነበር። ሁለተኛው ክፍል በ2011 መጀመሪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ባለቤቱ ቲኤችኪው ዘጋው። ከ1994 ጀምሮ ፖርት ሲሠራ፣ ማለትም ጌም ወደ ሌላ መሣሪያ ሲያዛውር የኖረው ታንታለስ ግን አለ። ልዩነቱ የደንበኛ ብዛት ነው ባይ ነኝ። ታንታለስ አንዱ ቢሄድ ሌላ ደንበኛ አለው፤ ብሉ ታንግ የነበረው አንድ ጌታ ነው።

የአውስትራሊያ መንግሥትም ቢሆን ሥራውን ሥራ ብሎ ቆጥሮታል። ከጁላይ 2022 ወዲህ ላለ ወጪ የሚሰጠው 30 በመቶ የዲጂታል ጌም የታክስ ተመላሽ፣ ጌምን ወደ ሌላ መሣሪያ ማዛወርንም ያካትታል። ዝቅተኛው ወጪ 500,000 ዶላር በመሆኑ ትንንሾቹን ማግለሉ ያስቆጨኛል፤ ወደ እሱ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ።

ያገኙትን ሁሉ ይውሰዱ ማለቴ አይደለም። የፖኪስ፣ ማለትም የቁማር ማሽን ሥራ ሲመጣ እምቢ እላለሁ። በሰፈራችን የስንቱን ቤት ኪራይ እንደሚበላ አይቻለሁ፤ ደመወዝ ለመክፈል ብዬ አልነካውም። የሚያሳፍረው እሱ ነው።

የልጁ ዝምታ ግን ከራሱ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ብዙው ውል ምስጢር ጠብቁ ይላል፤ ጌሙ ወጥቶ እንኳ የሠሪዎቹ ስም አይጻፍም። በሙዚቃው ግን እንዲህ አይደለም፤ አቀናባሪው ግርማ በየነ ራሱ የዘፈናቸው ዘፈኖች ጥቂት ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ብዙ ናቸው፣ ስሙንም ዛሬ የምናነሣው የማን ቅንብር እንደሆኑ ስለታወቀ ነው። የኛ ሙያተኛ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ውል ሲመጣልኝ ከዋጋው በፊት ስለ ስም ነው የምከራከረው፦ ጌሙ በወጣ ዕለት የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ፣ እነሱም «ይህን ሠርቻለሁ» ብለው ሲቪያቸው ላይ እንዲጽፉት። አንዳንዱ ደንበኛ ይፈርማል። ያልፈረመው ላይ ዋጋ እጨምራለሁ።